የሞተር ፋንን በኤሌክትሪክ ፋን መቀየር፦ ከአዳማ ሹፌሮችና ባለንብረቶች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

በቺንጋ የሚዞረውን የፋብሪካ ፋን አውጥተው በኤሌክትሪክ ፋን ለመተካት ላሰቡ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ከአዳማ የሚነሱትን መንገዶች፣ ማለትም የአዋሽን ቆላና የአዲስ አበባን ሽቅብ፣ ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

መኪናዬ ይሞቃል። ኤሌክትሪክ ፋን ቢገባለት ይድናል?

ሊድንም ላይድንም ይችላል፤ የሚወስነው መቼ እንደሚሞቅ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ሲንፏቀቅ ወይም ቆሞ ሲሠራ ሞቆ፣ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ነፋስ ሲያገኝ ጌጁ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ በ80 እና በ90 እየሄደ የሚሞቅ ከሆነ ግን ፋን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ሜዳ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄዱ ከፊት የሚገባው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፋንም ይበቃል። እሱ ካልበቃ የታመመው ራዲያተሩ ወይም የውሃው ዝውውር ነው።

ስለዚህ ፋን ከመግዛትዎ በፊት ራዲያተሩን ይመርምሩ። ጤፍ በሚወቃበት ወቅት በገጠር መንገድ የሚመላለስ፣ በተለይም ጭድ የሚጭን መኪና፣ ከፊት ባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ (ኮንደንሰር) እና በራዲያተሩ መካከል እብቅ ያጠራቅማል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። የራዲያተሩን የላይ ማሰሪያ ቡሎኖች ፈትተው ወደ ሞተሩ ገፋ ሲያደርጉት ግን እንደ ፍራሽ የተነጠፈ እብቅና የሞተ ነፍሳት ያገኛሉ። የሚታጠበው ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ነው፤ ከፊት ቢረጩት ይበልጥ ይጠቀጥቁታል። በማጠቢያ ቤት ያለውን ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከቅርብ አያስረጩበት፤ ቀጫጭኖቹን ቅጠሎች ያስተኛቸዋል፣ ከተኙ በኋላ አየር አያሳልፉም።

ከውስጥ ደግሞ ደለሉን ያስቡ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው፤ ለዓመታት ጥሬ ውሃ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር በትናንሽ ቱቦዎቹ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ሞተሩን በደንብ አሙቀው ያጥፉትና የራዲያተሩን ገጽ በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ቦታ በቦታ ይለኩ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መውረድ አለበት። በመሀል ለብቻው የቀዘቀዘ ቦታ ካለ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል።

የራዲያተሩን ክዳንም አይናቁት። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የሰለለ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ግፊት ካልተያዘ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ (የቴስታታ ጓርኒሲዮን) ተበልቷል፤ ያንን የትኛውም ፋን አያድነውም።

ፋን ክላቹን ብቻ ብቀይረውስ?

ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው። ፋን ክላች የፋብሪካውን ፋን ከዋተር ፓምፑ ፑሊ ጋር የሚያያይዝ፣ ሲሞቅ ይዞ ሲቀዘቅዝ የሚለቅ ክፍል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ፋኑን በእጅ ያዙሩት። ያዝ እያደረገ ሊዞር ይገባል። አንዴ ሲገፉት ሳያቋርጥ ብዙ ዙር የሚሽከረከር ከሆነ በውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል፤ በክላቹ ዙሪያ አቧራ የጠጣ የዘይት መስመርም ይታያል። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ነክሷል ማለት ነው፤ መኪናው ላይሞቅ ይችላል፣ ግን ያጉራራል፣ ጉልበትም ይበላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋልና ዛሬውኑ ያውጡት፤ አንድ ቀን ክንፉ ራዲያተሩን ይበሳል።

የቶዮታን ክላች ከፍቶ ሲሊኮን ዘይት መሙላት ይቻላል። ዘይቱ ለፋን ክላች የተሠራው መሆን አለበት። የሞተር ዘይት ወይም የማርሽ ዘይት የሚሞላ ሰው ካጋጠመዎ መኪናዎን ይውሰዱበት፤ ቅጥነቱ አይገናኝም።

ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል። ችግር አለው?

አለው። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ ክፍል ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ከታች ባለው ክዳን የማለፊያውን መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ ማለፊያው ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ባዶውን ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ይሞቃል። የኤሌክትሪክ ፋኑ ስዊችም የሚመረጠው በቴርሞስታቱ ዲግሪ መሠረት ስለሆነ መጀመሪያ ትክክለኛውን ቴርሞስታት ይመልሱ።

የትኛው መኪና ላይ ይሆናል? የትኛው ላይ አይሆንም?

ባለ 12 ቮልት ፒካፕ ላይ፣ ሂሳቡ ከተሠራ፣ ይሆናል፦ ሃይሉክስ፣ ኤል 200፣ ዲማክስና መሰሎቻቸው። በከተማ የሚሠራ ቀላል የአይሱዙ ጭነት መኪና ላይ ከዋናው ፋን ጋር ለድጋፍ ሊጨመር ይችላል፤ ዋናውን ማውጣት ግን አንመክርም። ሲኖትራክንና ሌሎች ከባድ መኪናዎችን ይርሷቸው።

ምክንያቱ ቁጥር ነው። 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ውሃው የሚያስገባው ሙቀት ከ100 ኪሎዋት ይበልጣል። ያንን ለማስወጣት የተሠራ ፋን፣ ክላቹ ሙሉ ሲይዝ፣ ከሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። 20 የፈረስ ጉልበት 15 ኪሎዋት ገደማ ነው። ይህን በ24 ቮልት ልስጥ ቢሉ ከ600 አምፒር በላይ ያስፈልግዎታል፤ የመኪናው ዲናሞ የዚህን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሰጥም። ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው ባለ 16 ኢንች ጥሩ ፋን 350 ዋት፣ ማለትም ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነው። አራት ቢደረድሩ ሁለት ይሆናል።

መንገዱም ምሕረት የለውም። መተሐራና አዋሽ ሰባት ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፣ አዳማ ከ1,600 ይበልጣል፣ አዲስ አበባ ወደ 2,300 ይጠጋል። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመለስ መኪና በቆላው ሙቀት ሙሉ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ሽቅብ ይገፋል። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ የራሱ ነፋስ አይረዳውም። የአዳማ ነፋስ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ይባስ፦ በ30 የሚሄድ መኪና ከኋላው የ25 ኪሎ ሜትር ነፋስ ካለው ራዲያተሩን የሚነካው የ5 ኪሎ ሜትር ነፋስ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ያለዎት ፋን ብቻ ነው።

ፋኑ ስንት ኢንች፣ ስንት ዋት ይሁን?

ኢንቹን ሳይሆን አምፒሩን ይመልከቱ። ገበያ ላይ ርካሽ ባለ 16 ኢንች ፋን አለ፤ ጀርባው ላይ 80 ዋት ይላል። 80 ዋት በ12 ቮልት 7 አምፒር አይሞላም። ክንፉ ትልቅ ነው፣ ድምፁም አለ፣ ግን በራዲያተሩ ውስጥ አየር የመሳብ አቅም የለውም። ለ2.5 እና ለ3 ሊትር ናፍጣ ፒካፕ አንድ ባለ 16 ኢንች ከ25 እስከ 30 አምፒር የሚወስድ፣ ወይም ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት ፋኖች በድምሩ ከ30 እስከ 40 አምፒር የሚወስዱ ያስፈልጋሉ። ከትልልቅ የቤት መኪናዎች የወጣ፣ መከለያው (ፋኑን ከራዲያተሩ ገጽ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) አብሮት ያለ ያገለገለ ድርብ ፋን ከአዲሱ ርካሽ ፋን በብዙ ይሻላል፤ ሲገዙ በባትሪ አስነስተው በክላምፕ ሜትር ይለኩት፣ አክሲሉንም በጣት ነቅንቀው ይፈትሹ።

ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የአየር መጠን በባሕር ወለል የተለካ ነው። አዳማ ላይ አየሩ 15 በመቶ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ 20 በመቶ ገደማ ስስ ነው፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ «ልክ ይበቃል» የተባለውን ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለውን ይምረጡ።

መኪናው ባለ 24 ቮልት ከሆነ ፋኑም፣ ሪሌውም (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኘው መቀየሪያ) ባለ 24 ይሁኑ። ባለ 12 ፋን በ24 ቮልት ለጥቂት ጊዜ በኃይል ይዞርና ይቃጠላል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መቅዳትም መፍትሔ አይደለም፤ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ባዶ፣ ሌላው ከመጠን በላይ የተሞላ ሆኖ ሁለቱም ያልቃሉ።

ከራዲያተሩ ፊት ይግጠም ወይስ ከኋላ?

ቦታ ካለ ከኋላ፣ በሞተሩ ወገን፣ ሳቢ ሆኖ። ከፊት የሚገጠም ገፊ ፋን በፍጥነት ሲሄዱ ራሱ የነፋሱን መንገድ ይዘጋል። የፋብሪካው ፋን ሲወጣ በዋተር ፓምፑ ፑሊና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ፋኑ ከነሞተሩ ገብቶ ከፑሊው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ ይወዛወዛል።

የፋን አቅጣጫ በገመድ ይገለበጣል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲቀያየር ፋኑ ወደ ሌላ ወገን ይዞራል፣ ግን የክንፎቹ ጉብጠት ለአንድ ወገን ስለተሠራ ብዙ አቅም ያጣል። ገፊ ፋንን ገመድ ገልብጦ ሳቢ ማድረግ ስለዚህ አይመከርም፤ ክንፉም አብሮ ካልተገለበጠ በስተቀር። ሲጨርሱ አንድ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ይያዙ፦ ተጣብቆ ከቀረ ትክክል ነው።

መከለያ የግድ ነው?

የግድ ነው። መከለያ የሌለው ፋን አየር የሚስበው ከክንፉ ፊት ካለው ክብ ብቻ ነው፤ የቀረው የራዲያተር ገጽ ሥራ ፈት ይሆናል። 1.5 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጠው ራዲያተሩን በሙሉ የሚሸፍን ሳጥን ያሠሩ። በፋኑ ክንፍና በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ከተጣበቀ አየሩ ወደ ማዕዘኖቹ አይደርስም። ጠርዙ ላይ ስፖንጅ ወይም የበር ጎማ ይለጥፉ። ሳጥኑ ሙሉ ለሙሉ ሲዘጋ በፍጥነት ወቅት አየር ያፍናል፤ ስለዚህ በማዕዘኖቹ ላይ ሁለት ሦስት መስኮት ቆርጠው ከኋላ በኩል በስስ ጎማ ይሸፍኗቸው። ፋኑ ሲስብ ጎማው ይዘጋል፣ ነፋሱ ሲገፋ ይከፈታል።

ፋኑን በራዲያተሩ ቅጠሎች መሀል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ የሚያስሩ አሉ። ከፋኑ ጋር ተሽጎ ስለሚመጣ የተፈቀደ ይመስላል። በኮረኮንች መንገድ ማሰሪያው እየተፋተገ ቱቦውን ይበሳል። ፋኑ በራዲያተሩ የጎን ብረት ላይ መያያዝ አለበት።

ምን ምን ይገዛ?

ፋኑ (ወይም ሁለት ፋን) ከመከለያ ላሜራ ጋር፤ ባለ 40 አምፒር ሪሌ ከነሶኬቱ፣ ለሁለት ፋን ሁለት ሪሌ፤ ለእያንዳንዱ ፋን ባለ 40 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ፤ ለዋናው መስመር 6 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመኪና ገመድ 4 ሜትር፣ ለትእዛዙ መስመር 1 ካሬ 5 ሜትር፤ የሙቀት ስዊች፤ ለላይኛው የራዲያተር ጎማ የሚሆን የአሉሚኒየም ማገናኛና ሁለት ፋሼታ፤ የገመድ ጫፎች፣ ገመድ የሚሸፍን ቱቦ፤ ዳሽቦርድ ላይ የሚገባ ማብሪያና አነስተኛ መብራት፤ ለሚፈሰው ውሃ ምትክ ኩላንት።

የድሮው ፋን እንዴት ይወጣል?

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ውሃውን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያፍስሱ፤ የላይኛው ጎማ ይፈታ። የመከለያው ቡሎኖች ከተፈቱ በኋላ፣ ቺንጋው ገና ተወጥሮ ሳለ ፑሊውን ስለሚይዝልዎ፣ ክላቹን ከዋተር ፓምፑ ጋር የሚያስሩትን አራት ዳዶዎች ያላሉ። ከዚያ ቺንጋውን አላልተው ፋኑን ከነክላቹና ከነመከለያው በአንድ ላይ ወደ ላይ ያውጡ። በራዲያተሩና በፋኑ መካከል ካርቶን ይክተቱ፤ አንድ የክንፍ ጫፍ ቅጠሎቹን ለመጉዳት ይበቃል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ክላቹ በአንድ ትልቅ ዳዶ የሚጠመዘዝ ነው፤ ጥርሱ ግራ ዞር ሊሆን ስለሚችል በጉልበት ከመታገልዎ በፊት ያረጋግጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይመጣል። በአራት ዳዶ በሚታሰሩት ላይ ፑሊውን የያዙት እነዚያው ዳዶዎች ናቸው። ክላቹ ሲወጣ ውፍረቱ አብሮ ስለወጣ ዳዶዎቹ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ሄደው ቢቆሙም ፑሊው ሊላላ ይችላል። የክላቹን ጆሮ ውፍረት ለክተው በዚያው ልክ ሮንዴላ ይጨምሩ፣ ከዚያ ያጥብቁ፤ ፑሊውን በሁለት እጅ ይነቅንቁት። የላላ ፑሊ ቺንጋ ይበላል፣ ቀጥሎ የዋተር ፓምፑን ኩሽኔታ ይጨርሳል።

የኤሌክትሪክ መስመሩስ?

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ሪሌው አራት እግር አለው፤ ቁጥሮቹ ከሥሩ ተጽፈዋል። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ይመጣል። ፊውዙ ከባትሪው በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ የራቀ ፊውዝ በባትሪውና በራሱ መካከል ያለውን ገመድ አይጠብቅም። 87 ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ይቀዳል። 85 ወደ ሙቀት ስዊቹ ይሄዳል፣ ስዊቹ ሲሞቅ ወደ ቦዲ ያገናኘዋል። የፋኑ ኔጌቲቭ ቀለሙ ከተፋቀ፣ ንጹሕ ከሆነ የሻሲ ቦታ ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ከተቻለ ቀጥታ ወደ ባትሪው።

የቤት መስመር ገመድ አይጠቀሙ። ነጠላ ሽቦ ስለሆነ በንዝረት ይሰበራል፤ የሚበዛው 2.5 ካሬ ደግሞ ለ30 አምፒር ቀጭን ነው። በ3 ሜትር ርቀት ከ0.6 ቮልት በላይ ይበላል፣ ይሞቃልም። በ6 ካሬ ያው ርቀት 0.26 ቮልት ያህል ብቻ ይወስዳል። ቮልት ሲቀንስ ፋኑ ይዘገያል፤ በተለይም በሞቀ ኮፋኖ ሥር። ፋኑ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚስብ ሁለት ፋን ያለው ሰው በተለያየ ሪሌ ለያይቶ ቢያስነሳቸው ይመረጣል።

የሙቀት ስዊቹን በተመለከተ፦ በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል የሚሰካው ቀጭን ዘንግ አየሩን እንጂ ውሃውን በትክክል አይለካም፣ በንዝረትም ይወጣል። ላይኛውን ጎማ ቆርጦ የአሉሚኒየም ማገናኛ ማስገባት ይሻላል። ግን ማገናኛው በሁለት ጎማ መካከል ስላለ ከቦዲ ጋር አይነካካም፤ ባለ አንድ ገመድ ስዊች እዚያ ላይ ቢጠመዘዝ ፈጽሞ አይሠራም። ከማገናኛው ወደ ሻሲ የራሱ ቀጭን ገመድ ይታሰርለት።

በስንት ዲግሪ ይነሳ?

የቴርሞስታቱን ዲግሪ ያንብቡ፤ በብዙ ናፍጣ ሞተሮች 82 ነው። በ82 መከፈት የጀመረ ቴርሞስታት ሙሉ የሚከፈተው በ95 አካባቢ ነው። ላይኛው ጎማ ላይ ለሚገባ ስዊች 92 ወይም 95 ላይ የሚያስነሳ፣ 87 ወይም 90 ላይ የሚያጠፋ ይምረጡ። የሚያጠፋበት ዲግሪ ከቴርሞስታቱ መክፈቻ በታች ከሆነ ፋኑ ከተነሳ በኋላ አይጠፋም፤ ከዚያ «ፋኑ አያርፍም፣ ባትሪ ጨረሰብኝ» የሚለው ስሞታ ይመጣል።

አንዳንዱ 100 ላይ እንዲነሳ ያደርጋል። አዳማ ላይ ክፍት ውሃ ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ባለው፣ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ይፈላል። መኪናው ውስጥ በዚያ ዲግሪ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለያዘ ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የአዳማውን መፍያ ወደ 115 ያደርሰዋል። ክዳኑ ካረጀ ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፣ በ100 የሚነሳ ፋንም የሚደርሰው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው።

ዲናሞዬ ይችላል?

ጀርባው ላይ የተጻፈውን አምፒር ያንብቡና ይደምሩ። ፋን 30፣ ሁለት የፊት መብራት 10፣ የኤሲ ነፋሻ 15፣ የኋላና የውስጥ መብራት ከሬዲዮ ጋር 5፦ 60 ሆነ። ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የተጻፈውን ሙሉ አይሰጥም፤ ግማሹ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ፋኑ በጣም የሚያስፈልገውም በዚያው ሰዓት ነው። አሮጌ ፒካፕ ላይ ባለ 50 ወይም ባለ 60 ዲናሞ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ፈተናው ቀላል ነው፦ ማታ፣ መብራት፣ ኤሲና ፋን ሁሉም በርተው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በታች ካነበቡ አቅም አንሷል።

ነዳጅ ይቆጥባል?

የድሮው ፋን ያለ ክላች ቀጥታ የታሰረ ከነበረ ልዩነቱ ይታወቅዎታል። ጤነኛ ክላች ካለው ግን ክላቹ ራሱ ሲቀዘቅዝ ስለሚለቅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለነዳጅ ብለው አያድርጉት።

ኤሲ ካለውስ?

ኤሲ በበራ ቁጥር ፋኑ መነሳት አለበት፤ ውሃው ቢቀዘቅዝም ኮንደንሰሩ አየር ይፈልጋል። ከኤሲው ኮምፕረሰር ክላች መስመር ትእዛዝ የሚቀበል ሁለተኛ ሪሌ ይጨመር። ይህ ከተረሳ ቆመው ሳሉ ኤሲው ሞቃት አየር ይነፋል፣ ግፊቱም ይወጣል።

ስዊቹን ትቼ በማብሪያ ብቻ ባስነሳውስ?

አይሆንም። አንድ ቀን ይረሳል፤ መኪናውን ሌላ ሹፌር ከያዘው ደግሞ በእርግጥ ይረሳል። ማብሪያው ለግዳጅ ማስነሻ ብቻ ይሁን፦ የሪሌውን 85 ቀጥታ ወደ ቦዲ የሚያገናኝ፣ ከሙቀት ስዊቹ ጎን ለጎን የታሰረ። ስዊቹ ቢሞት በእጅ ያስነሱታል፣ በእጅ ግን ሊያጠፉት አይችሉም። ትንሿ መብራት ከ87 ትቀዳ፤ ስትበራ ሪሌው ኃይል እየላከ መሆኑን ያውቃሉ።

ተገጥሟል፣ ይዞራል፤ አሁንም ይሞቃል። ለምን?

በቅደም ተከተል ይሂዱ። ወረቀቱን ይሞክሩ፤ ፋኑ እየሳበ ሳይሆን እየገፋ ሊሆን ይችላል። ፋኑ እየዞረ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ከባትሪው ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገመዱ፣ ፊውዝ ቤቱ ወይም የቦዲ ማሰሪያው ጥፋተኛ ነው፤ በእጅ ሲነኩት የሚሞቀው ቦታ እሱ ነው። አምፒሩን ይለኩ። ውሃው ከተሞላ በኋላ አየር ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፦ መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ በሆነ ቦታ አቁመው፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከቀዝቃዛው አስነስተው፣ የካቢን ማሞቂያውን ከፍተው አረፋው እስኪያቆም ይሙሉት። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ጋ ይመለሱ።

መተሐራ አካባቢ ፋኑ ቢቆምብኝ ምን ላድርግ?

ኤሲ ይጥፋ፣ የካቢን ማሞቂያ በሙሉ ኃይል ይከፈት፤ አይመችም፣ ግን ትንሽ ራዲያተር ነው። ጥላ ቢኖርም ባይኖርም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረው ይቁሙ። ጌጁ ቀዩን ካልነካ በዝግታ እያሠሩ ያቀዝቅዙት፤ ከነካ ያጥፉት። ክዳኑን እንዳይከፍቱ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ቴስታታ ላይ አይጨምሩ፣ ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ፊውዙን ይዩ። ደህና ከሆነ ሪሌውን ከሶኬቱ ነቅለው በ30 እና በ87 መካከል ወፍራም አጭር ገመድ ያገናኙ። ፋኑ ከተነሳ የሞተው ሪሌው ወይም ትእዛዙ ነው፤ በዚያው አዳማ ይግቡ። መኪናውን ሲያጠፉ ገመዱን መንቀል አይርሱ፤ ፋኑ በቁልፍ አይጠፋም፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ይሆናል። በአጭር ገመድም ካልተነሳ ኔጌቲቩን ይፈትሹ፣ ቀጥሎ የፋኑን ሞተር በዱላ ቀስ አድርገው ይምቱ፤ ካርቦኑ ያለቀ ሞተር አንዳንዴ በዚህ ይነሳል። ተነስቶ ቢያደርስዎትም ሌላ ጉዞ አያምኑትም።

የድሮውን ፋን ልሽጠው?

ይቆይ። ክላቹን ቆሞ ያስቀምጡት፤ ተኝቶ ከዋለ የሲሊኮን ዘይቱ ሊያንጠባጥብ ይችላል። መከለያውንና አራቱን ዳዶዎች በአንድ ከረጢት አብረው ያኑሩ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ውስጥ የፑሊውን ዳዶዎች፣ የቺንጋውን ውጥረት፣ ፋሼታዎቹንና የሪሌውን ሶኬት ይመርምሩ፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡናማ መሆን ከጀመረ የገመድ ጫፉ ላልቷልና ሪሌውን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንም አብረው ይቀይሩ።